ቁጥር የሌለው ቀለም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን

ለማልጠግብህና ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ያው ነኝ፤ ሳሉም አልተወኝ፣ እኔም ሥራውን አልተውኩ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ የአክስትህ ልጅ ናት፣ ነርሷ። ለትምህርት ወደዚያው መምጣቷን ሰምተህ ይሆናል። ደብዳቤውን ሰጥታህ ልሂድ ብትል እንዳትለቃት። ሻይ አፍላላት፣ ቁጭ በሉ፣ አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ ትሁን። ለምን አትበለኝ፤ የሽማግሌ ጠባይ ነው ብለህ እለፈው።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ ልነግርህ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። ድምፅህን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ "ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም ነው" እያልኩ ጊዜው ያልቃል። ነገሩ የጊታር ነገር ነው። ልግዛው ወይስ ልተወው እያልኩ አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሏል። በዚህ ዕድሜህ ጊታር ምን ሊያደርግልህ ነው እንደምትል አውቃለሁ። ታገሰኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሥራ ቀንሷል። ድሮ ሰው ለመኪናው ቀለም ለመምረጥ ሚስቱን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ጋራዡ በር ላይ ይጣሉ ነበር፣ እኔም አስታራቂ እሆን ነበር። አሁን የሚመጣው ሁሉ ነጭ ነው። ነጭ ካልሆነ ግራጫ ነው። ቀለም የሚደባልቀውም ማሽን ነው፤ ቁጥሩን ትነግረዋለህ፣ እሱ ደባልቆ ያወጣልሃል። ሠላሳ ዓመት ቀለም በዓይኔ ስመዝን ኖሬ ይኸው ነጭ በነጭ ላይ ስነፋ እውላለሁ። ጠዋት ስነቃ ለምን እንደምነሳ ትንሽ ማሰብ አለብኝ። መልሱ የማይመጣበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን ጫማዬን አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ባለፈው ዓርብ መነፅሩ መጣ። አታውቀውም ልልህ ነበር፤ ለካ ታውቀዋለህ። ከጋራዡ ወረድ ብሎ አሮጌ ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና የሚሸጠው ሰውዬ ነው፣ ያ መነፅሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህለው። በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ።

"ጋሼ፣ መኪና ብቻ ነው የሚቀቡት ወይስ እንጨትም ይቀባሉ?" አለኝ።

"ከፊቴ እስካልሸሸ ድረስ የማልቀባው የለም" አልኩት።

ሳቀና አንሶላውን ገለጠው። ልጄ፣ ጊታርህ ነበር።

ተመሳሳይ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ያንን ቀለም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥር የለውም፣ ሁለተኛም የለውም። ያመጣኸው ቀን "ጥቁር አድርግልኝ አባባ፣ ጥቁር ብቻ" ብለኸኝ ነበር። ጥቁር ቀለም አልቆብኝ ነበር፤ ልደትህ ደግሞ በማግስቱ ነበር። ከአምቡላንስ የተረፈ ብርቱካናማ፣ ከእሳት አደጋ መኪና የተረፈ ቀይ ደባለቅኩ። እናትህ ምሳዬን ይዛ መጥታ ከጀርባዬ ቆማ ታይ ነበር። "ትንሽ ሮዝ ጠብ አድርግበት" አለች። ሮዙ ከዚያ ከአይስክሬም ሻጩ መኪና የተረፈ ነው። ጠብ ባደርግበት "የበሰለ ፓፓያ መሰለ!" ብላ አጨበጨበች። ነፍቼ ስጨርስ ደግሞ ደረቀ ወይ ብላ አውራ ጣቷን ከአንገቱ ሥር ጫን አደረገችበት። ስጮህባት የሆነ ሰው የሞተ መስሎህ ከውጭ እየሮጥክ ገባህ። አሻራዋ እዚያው ደረቀ። ላስተካክለው ብል "ተወው፣ ፊርማዬ ነው" አለች።

ዓርብ ዕለት ጊታሩን ገልብጬ ከአንገቱ ሥር አየሁ። ፊርማዋ አለ።

"ጥቁር ያድርጉልኝ" አለኝ መነፅሩ። "ሆቴል ውስጥ የሚጫወት አንድ ሰውዬ ድምፁን ሰምቶ ወዶታል። ቀለሙን ሲያይ ግን 'ይሄን ይዤ መድረክ ላይ ብወጣ ዘፈኑን ማን ይሰማል?' አለኝ። ጥቁር ከሆነ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል።"

"ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

"ኧረ አራት ዓመት ሆነው! አንድ ልጅ ወደ ውጭ ልሄድ ነው ብሎ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ መጥቶ ሸጠልኝ። ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ 'መስኮት ላይ እንዳትሰቅለው፣ አባቴ በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው' አለኝ። እኔም ቃሌን አክብሬ ከጓዳ አስቀመጥኩት። ለዚህ እኮ ነው ሳይሸጥ የከረመው፣ ማን አይቶት!"

አባትየው እኔ መሆኔን አያውቅም። "ቃልህን ጠብቀሃል" አልኩትና ጊታሩን ተቀበልኩት።

በመሸጥህ አልተቆጣሁም። መንገደኛ ነበርክ፤ ከጊታር ይልቅ ጃኬት ያስፈልግህ ነበር። አንጀቴን ያቃጠለው ሌላው ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ላይ "የሥራ ጓደኞቼ በጊታሩ ቀለም ይቀኑብኛል፣ ከሥራ ስመለስ እጫወትበታለሁ" ብለህ ጻፍክ። እናትህ ያንን ደብዳቤ ያላነበበችለት ጎረቤት የለም። በስልክ "እስቲ አንድ ጊዜ አሰማኝ" ስትልህ ክሩ ተበጥሷል አልክ። በሌላው እሁድ ጎረቤት ተኝቷል አልክ። በሌላው እጄን ሥራ ላይ ቆርጦኛል አልክ። እሷ እኮ ክሩ ተበጥሷል ስላልክ ከተማውን ስታዳርስ ውላ ስድስቱንም ክር ገዝታ በሰው ላከችልህ። "ደረሰኝ እማ፣ አሁን እንደ አዲስ ሆነ" አልካት። ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች። እነዚያን ክሮች ምን አደረግካቸው? ጣልካቸው?

ጊታሩ ውሸት ከሆነ ሌላው ምኑ እውነት ነው? ይሞቃል ያልከው ክፍል ይሞቃል? ጥሩ ሰው ናቸው ያልካቸው አለቃህ በእርግጥ ጥሩ ሰው ናቸው? በልተህ ታድራለህ? ላዩ የሚያብለጨልጭ መኪና ሲፋቅ ከሥሩ ጎድጓዳው የተሞላበት ስቱኮ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ የደብዳቤዎችህን ጥቅል አውጥቼ አንድ በአንድ ሳነብ እንደዚያ ሆነብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ደህና ነው ያልኩት ልጅ የት እንዳለ አላውቅም ማለት ነው።

አሁን ጊታሩ እስከ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነው። ጥቁር ልቀባው እችላለሁ። ለነገሩ አንተም ጥቁር ነበር የፈለግከው፤ በቀለሙ ታፍርበት እንደነበር አሁን ገብቶኛል፣ ደግ ሆነህ አልነገርከኝም እንጂ። ወይም ልግዛው። ብገዛው ግን የት ላስቀምጠው? ይሄ ቀለም አልጋ ሥር ብትደብቀው እንኳ ይጮሃል። እናትህ ብታየው ምን እላታለሁ? ልጅሽ ከሥራ ሲመለስ የሚጫወትበት ጊታር ይኸውልሽ ልበላት? ትናንት ሆድ ይፍጀው ብዬ ክሮቹን ልፈታ ሞከርኩ፤ ዝገው ስለነበር ገና ሳላላቸው ተበጣጠሱ። ብርጭቆ ወረቀቱን አርጥቤ ከፊቱ መፋቅ ጀመርኩ። ጥፍር የምታህል ቦታ እንደፋቅኩ ብርቱካናማው ውሃ በጣቶቼ መሀል ወረደ። ከዚያ በላይ መፋቅ አቃተኝ። አንሶላውን አልብሼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ያቆምኩትን ልቀጥል። ከላይ የጻፍኩትን ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። ቀድጄ ሌላ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። አንተን ውሸታም እያልኩ በዚያው ወረቀት ላይ እኔ እንዴት እንደምዋሽ እየው። እናትህ ብታየው ምን እላታለሁ አልኩ። ልጄ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ጊታሩን የምደብቀው ሰው የለም።

እናትህ አርፋለች። በመስከረም መጨረሻ ነው፣ ካረፈች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ልቧ ነው አሉ። ጓሮ ልብስ ስታሰጣ "ደከመኝ" ብላ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ውሃ ይዤ ስመለስ ያንተን አሮጌ ሸሚዝ ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጠራኋት። አልተሠቃየችም፤ ይህን እውነቴን ነው የምልህ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው።

ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ "ብቻውን ባለበት አይነገረውም፣ ማን ደግፎ ያስለቅሰዋል?" አለ። እሺ አልኩ። ግን ላንተ ብዬ ብቻ አልነበረም። እሁድ ስትደውል "እማስ?" ትለኛለህ። "ተኝታለች" ስልህ፣ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ወዲያ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። "ገበያ ወጥታለች" ስልህ ልትመለስ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ በሩን የማይበት ጊዜ ነበር። ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም ያልኩህን አስታወስክ? አንተ ክሩ ተበጥሷል አልክ፣ እኔ ድምፅዋ ተዘግቷል አልኩ። በእኔ ነው የወጣኸው። አንዳንዴማ አውቀህ ዝም የምትለኝ ይመስለኛል፤ ከገና ወዲህ "ስጠኝ ላናግራት" ብለኸኝ አታውቅም።

አሁን ለምን ልቀባው እንዳቃተኝ ይገባሃል። አሻራ ላይ ቀለም ብትነፋበት አይጠፋም፣ ከላይ ሆኖ ይታያል። ጥቁር ለማድረግ እሱን ፍቄ ማለስለስ አለብኝ። ልብሷን አክስትህ ለሰው ሰጠችው፤ እኔ ነኝ ውሰጂልኝ ያልኳት። ማበጠሪያዋን ማን እንዳነሳው አላውቅም። ከእጇ የቀረኝ ይሄ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው፣ እሱንም ሰውዬው ሆቴል ይዞት ሊሄድ ነበር።

ስለዚህ ትናንት ረፋድ ላይ ወደ መነፅሩ ወረድኩ።

"ጊታሩን እኔ እገዛዋለሁ" አልኩት።

"እርስዎ? ይጫወታሉ እንዴ?"

"አልጫወትም።"

"ታዲያ በዚያ ቀለም ምን ሊያደርግልዎት ነው? የሆቴሉ ሰውዬ እንኳ አይቶ የሳቀበት እኮ ነው!"

"አባትየው እኔ ነኝ" አልኩት።

መነፅሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ መልሶ አደረገው። ለዋጋው የሱቁን የብረት በር ልቀባለት ተስማማን። ምን ቀለም ይሁን ብለው ነጭ አለ።

አልጋዬ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ጎረቤታችን በመስኮት አይታ "ምን ጉድ ነው የሰቀልከው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቤቱ ውስጥ ከሱ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ያጽናናኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናናኝም። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ከፊቴ ነው፣ እሷ ደግሞ የለችም። አውራ ጣቴን አሻራዋ ላይ ባደርገው በለጠው፤ እጇ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ልብ አላልኩትም። አንተ ጋም እንዲህ ዓይነት ብቸኝነት ካለ እንግዲህ ንገረኝ። ክፍሉ የማይሞቅ ከሆነ አይሞቅም በለኝ። ደህና ነኝ እየተባባልን ሁለታችንም ከምንጠፋ ክፉውን ብንባባል ይሻለኛል።

አሁን አልቅስ። ነርሷን እንዳትለቃት ያልኩህ ለዚህ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ የምትይዝህ እሷ ናት። እኔ ባለሁበት ሆኜ ከማልቀስ በቀር የምረዳህ ነገር የለኝም። የእናትህ ምርቃት አይለይህ፤ እጇ ያረፈበት ጊታር እንዳልጠፋ አንተም አትጥፋብኝ። ደግ ሰው ፈጣሪ ባጠገብህ ያኑርልህ።

እሁድ ደውልልኝ። "እማስ?" በለኝ እንደ ድሮው። ምን ብዬ እንደምመልስልህ አላውቅም፣ ግን ያንን ቃል ካንተ አፍ ካልሰማሁ እሁድን እንዴት እንደምውለው አላውቅም።

የሚወድህ አባትህ፣
ቀለም ቀቢው

እነዚያን ክሮች ካልጣልካቸው፣ ነርሷ ስትመለስ ላክልኝ። አሁን ክሩ የእውነት ተበጥሷል።