አርባ ሳጥን፣ አርባ መሪ

ጥቅምት 4

ዛሬም ያው። ከጠዋት ጀምሮ ፍተሻ ክፍል፣ ጆሮ ማዳመጫው ጭንቅላቴ ላይ። አንዱን ሳጥን ፈትሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደረደራል። ከማይክሮፎን የገባውን ድምፅ በኔትወርክ ገመድ አዳራሽ ሙሉ ስፒከር ጋ የሚያደርስ ሳጥን ነው የምንሠራው። አርባ ለአንድ ቲያትር ቤት ታዟል። አሥር ቀን ይፈጃል ብዬ ነበር። አለቃ በአራት ቀን አለ። ለምን? ቃል ገብቻለሁ አለ። ቃል የገባው እሱ፣ የምሮጠው እኔ...

ሹክሹክታ ሳቀብኝ። የሳጥኖቹን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍልን ሰው ነው፤ ድምፁ ከጉሮሮው ስለማያልፍ ነው እንዲህ ያልነው። «እታለም፣ ሳጥኖቹ እንኳ ፈርተውሽ ነው ቶሎ ቶሎ የሚነሡት» አለኝ። ከዚህ መሥሪያ ቤት የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ጥቅምት 8

አርባውም ተጭኖ ሄደ። እጄ ዝሏል። አበጀሽ ያለኝ የለም።

ጥቅምት 19

ቲያትር ቤቱ ዛሬ ተመረቀ። ጉድ ሆንን። ትርኢቱ መሃል ላይ አንድ ሠራተኛ አንዱን ሳጥን ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ስፒከሮቹ ይንጣጡ ጀመር። ቀጥሎ ጭጭ። ስድስት መቶ ሰው ተቀምጦ ተዋናይቷ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች አሉ።

አለቃ ስልኩን እንደያዘ ኮሪደሩን ይመላለስበታል። ሲጨርስ የጠየቀው ምን ነበር? «የማን ጥፋት ነው?» ምን እንደተበላሸ አይደለም። የማን!

ጥቅምት 20

ሪፖርት ጻፊ ተባልኩ። ጻፍኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ሰዓት መከተል አለባቸው፤ ካልሆነ ድምፁ አይገጥምም። አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ሁለት ሦስቱ እኔ ልምራ ካሉ መንጣጣት ነው። መሪውን የሚመርጠው ደግሞ ፕሮግራሙ ነው። ሹክሹክታ ያንን ቦታ ባለፈው ወር ነካክቶታል። አትንካው ብዬው ነበር። አይቼዋለሁ፣ ችግር የለውም አለኝ። ይኸው ችግር የለውም! ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አንድ ገጽ ሙሉ በእሱ ላይ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከሰዓት መጣ። ወረቀቱን ይዟል።

«እታለም፣ ሳጥኖቹን ሳታያቸው ነው የጻፍሽው?»

«ማየት አያስፈልገኝም» አልኩት።

ጥቅምት 22

አባረሩት። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ የመጋዘኑ ጋሼ ብቻ እስከ በር ሸኘው። እኔ ጆሮ ማዳመጫዬን እንዳደረግሁ ቀረሁ። ምንም እየሰማሁበት አልነበረም።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ዘጋኝ። ይዝጋኝ። እኔ ነኝ ፕሮግራሙን የጻፍኩት?

ጥቅምት 23

ታላቅ እህቴ መጣች። ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ ቆማ፣ አንቺ ስትናደጂ ሳህን መግዛት አለብን፣ በማሸትሽ ብዛት አበባው ሁሉ ለቀቀ አለችኝ። ማን አናደደሽ ብላ ጠየቀችኝ። አለቃ አልኳት። ሹክሹክታ አልኳት። ታዲያ ለምን እንደ በደለኛ ታቀረቅሪያለሽ አለችኝ። ሂጂልኝ ወደ ቤትሽ አልኳት። ነገረኛ።

ጥቅምት 29

ሳጥኖቹ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሰክቼ በኮምፒውተር ከፈትኩት። «መሪ ልሁን» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ይህ ምልክት ያለው ሳጥን፣ አንዱ ተነቅሎ ሲሰካና ምርጫው እንደገና ሲጀመር፣ መሪነቱን ለሌላ አይለቅም፤ በአንድ አዳራሽ ለአንዱ ብቻ ነው የሚደረገው። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ምልክት አለው። ሦስተኛው... አሥረኛው... አርባውም! አርባ ሳጥን፣ አርባ መሪ።

መጀመሪያ ያልኩት ምንድን ነው? ይሄ ሹክሹክታ! ምልክቱን እየጠራሁ ጮክ ብዬ ነው የሰደብኩት፤ ጋሼ ከመጋዘን ሰምቶ ብቅ አለ። «ያንን ምልክት እዚህ ቤት ማን ነው የሚያደርገው?» አለኝ።

እኔ ነኝ የማደርገው። ስፈትሽ። ሳጥኑ መሪ እስኪመርጥ ደቂቃ ከማባክን ራሱን መሪ አደርገውና ቶሎ አዳምጣለሁ። ስጨርስ አነሣዋለሁ። ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። በፍተሻ ቅጹ ላይ ተራ ቁጥር 14 እሱው ነው፤ «ምልክቱ ተነሥቷል»። ራሴ ነኝ ያንን ተራ ያስገባሁት።

ቅጹን ከመዝገቡ አወጣሁ። በየሳጥኑ አንድ ፊርማ መኖር ነበረበት። እኔ ግን ከላይ ፈርሜ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ስቤበታለሁ። አርባውን በአንድ ጊዜ! በአራተኛው ቀን፣ መኪናው በር ላይ ሞተር አስነሥቶ ሲጠብቅ።

ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ ቅጹን አየው። ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 30

ለአለቃ ነገርኩት። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየውና አጥፎ መልሶ ሰጠኝ።

«ሰውየው ሄዷል። ቲያትር ቤቱም ፕሮግራሙ ተስተካክሏል ተብሎ ተረጋግቷል። አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው የተዳፈነ የምትቆሰቁሺው?»

በሌላ ሰው ስም የተዳፈነ! ዐይኑን በጨው አጥቦ ነው እንዲህ የሚለኝ። አሥር ቀን ያልኩትን አራት ያደረገው ማን ነው? ልጮህበት አልኩ። ግን በምን አፌ? አራት ቀን ያደረገው እሱ፣ መስመሩን የሳብኩት እኔ። ሳላይ የጻፍኩት ደግሞ እኔ። ሪፖርት ጻፊ እንጂ ጥፋቱ የሹክሹክታ ነው በዪ ያለኝ የለም።

ኅዳር 2

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ከፈተችልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስታውቅ ግቢ ሳትለኝ ጠራችው። በር ላይ ቆሜ ነገርኩት። ምልክቱን፣ መስመሩን፣ ሁሉን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት።

«እርስዎ» አለኝ። እኔን! ስድስት ዓመት «እታለም» ሲለኝ ኖሮ።

«ሁለት ቦታ ሥራ ጠይቄ ነበር። ሁለቱም ደውለው ስለ እኔ ጠየቁ። ቸልተኛ ነው ተብሎ ተነገራቸው። ይቅርታዎን ለኔ አያምጡት። የጻፉት እዚያ ነው፣ እዚያው ይናገሩት።»

ያችው ዝቅ ያለች ድምፁ ናት። ጮኾብኝ ቢሆን እኔም ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። በሩን በቀስታ ዘጋው። እስከ ፌርማታው ድረስ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ሄድኩ፤ ሰው ዞሮ ያየኛል።

ኅዳር 3

አዲስ ሪፖርት። አንዱን ለአለቃ፣ አንዱን ለቲያትር ቤቱ የድምፅ ባለሙያ። ቅጹንም አያያዝኩ። ሳጥኖቹን ምልክታቸውን አንሥቼ፣ እየነቀልኩ እየሰካሁ ሞከርኳቸው። ምንም አይንጣጣም። የእሱ ፕሮግራም ደኅና ነው። ከድሮውም ይሻላል... ይሄንንም ጻፍኩ።

ኅዳር 5

አለቃ አያናግረኝም። እኔም።

ኅዳር 9

ቲያትር ቤቱ ያንን ፕሮግራም ጸሐፊ መልሱና እሱ ራሱ መጥቶ ይግጠምልን ብሎ ጽፏል። አለቃ ምን ምርጫ አለው? ዛሬ ጠዋት ሰበሰበን፤ አሥራ ሁለታችንንም። ሹክሹክታ አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ የጠበቅኩት አለቃ እውነቱን ይናገራል ብዬ ነው። ሞኝ።

«ሰው ይሳሳታል» አለ። «እኛ ቤተሰብ ነን። ለወንድማችን ይቅርታ አድርገንለት መልሰነዋል።»

አጨበጨቡ! ለይቅርታው። ሹክሹክታ አንገቱን እንደደፋ ነው። ተነሣሁ።

«ምን አድርጎ ነው ይቅር የምትሉት?»

ጭብጨባው ቆመ። አለቃ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«አርባው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳላነሣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሳጥኖቹን ሳላይ በእሱ ላይ የጻፍኩትም እኔ። እሱ ምንም አላጠፋም። አለቃም ካወቀ ሰንብቷል።»

አለቃ ስብሰባው አልቋል ብሎ ወጣ።

ከሰዓት ደብዳቤ ደረሰኝ። የፍተሻ ክፍሉን ለሹክሹክታ አስረክቤ በወሩ መጨረሻ እንድሰናበት። ምክንያቱ? የሥራ ሥነ ሥርዓት መጣስ። በየትኛው ነው የጣስኩት፣ በመስመሩ ወይስ በመናገሬ? አልተጻፈም። ብጠይቅ በመስመሩ እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ልክ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሊረከበኝ መጣ። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት፤ አንድ በአንድ ጻፈ። «ሌላ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። በእሱ ቦታ ብሆን እንደ እኔ ያለችውን አላናግርም ነበር።