እማዬ አልጋ ሥር ያለው ባትሪ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአባቴ ምትክ፤

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ ጉልበትህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር ደረጃውን ትሳደባለህ? እትዬስ? ልጆቹስ? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? ትንፋሿስ? እውነቱን ንገረኝ፤ እንደ ልማድህ «ደህና ናት» ብለህ እንዳታልፈኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልክህ አይጠራም። የእናንተ ሰፈር ኔትዎርክ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚጠፋ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ ስታነብ እማዬን ከክፍሏ አውጣት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን ማጥፊያ አጥፋና ከአልጋዋ ሥር ያለውን ባትሪ ጓሮ አውጣው። ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከሸተተ ግን እንዳትነካው፤ ሰዉን ሁሉ ይዘህ ራቅ በል። የጫጩት ማስፈልፈያው ይቆማል፣ እንቁላሉ ይበላሻል ብለህ እንዳታመነታ። እንቁላሉን ሌላ ዶሮ ትጥለዋለች፤ እናት ግን አንዲት ናት።

እዚያ አኑሩት ያልኳችሁ እኔው ነኝ። ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ የእማዬ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል ብዬ። አሁን ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሶላር ከገጠምንለት አራት ወር የሆነው አንድ ዳቦ ቤት አስጠራን። ባለቤቱ «ዱቄት ክፍሌ የጥፍር ቀለም ይሸታል» ሲለን ሳቅን። ሁላችንም «ቮልት» የምንለው ሽማግሌው የጥገና አለቃችን ብቻ አልሳቀም። ገብተን ብናይ የባትሪው ጎን እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ቮልት ገመዱን ነቀለና ተለጣፊውን በጥፍሩ ላጥ አደረገው። ሥሩ ሌላ ተለጣፊ አለ፤ የደበዘዘ፣ የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው። «ልጄ፣ አዲስ ብለን የሸጥነው ሰው የጣለውን ነው» አለኝ።

የመጋዘን ኃላፊው ግን «ሙቀት ነው፤ ሰኞ መኪና ልከን እናነሳዋለን። እስከዚያ ወሬ አታብዙ» አለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ አልሰማንም። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ዱቄት ክፍሉ ጋየ። ሊጥ የምታቦካው ሴት ሁለት እጆቿ ተቃጠሉ። ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ቀና አድርጋ «አንቺ ነሽ አይደል የገጠምሽው?» አለችኝ።

ሰኞ ኃላፊው ወረቀት አቀረበልኝ፤ እሳቱ የተነሳው ባለዳቦ ቤቱ ከአቅም በላይ ዕቃ ስለሰካ ነው የሚል። «ፈርሚና ወደ ሥራሽ» አለኝ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽህም፤ እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ከዚያ የሴትዮዋ እጆች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። «እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ» አለኝ። ስወጣ ባትሪ የወሰደው ሰው ሁሉ ስምና ስልክ ያለበትን የማስረከቢያ መዝገብ በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በዚያው ጭነት ከመጡት ውስጥ ከዳቦ ቤቱ ሌላ አርባ አንድ ባትሪ ሰው ቤት ገብቷል። አንዱ ያንተ ነው። ከሁሉ የሚያብረቀርቀውን ለወንድሜ ብዬ በእጄ መርጬ የጫንኩት እኔ ነኝ። እኔና ቮልት ስሙን ለሁለት ተካፍለን ደወልን። አርባዎቹን አገኘናቸው። በሦስቱ ቤት ባትሪው አብጦ ነበር፤ አንደኛው የሕፃናት መኝታ ክፍል ውስጥ። ያልጠራው ያንተ ስልክ ብቻ ነው።

እኔው እንዳልመጣ የቃጠሎውን ጉዳይ የያዘው ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎ እስኪጨርስ ከከተማ እንዳልወጣ አስፈርሞኛል። ወደ እናንተ የሚሄድ የጭነት መኪና ያገኘሁትም ዛሬ ገና ነው።

እትዬን ሳምልኝ፤ የሰደደችልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ እጅጌው ቢረዝምም ወድጄዋለሁ። ትልቋ ልጅህ ለጊዜው ፈተናዋን በሻማ ታጥና፤ አክስትሽ ትክስሻለች በላት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ንከስልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ምክንያቱን ግን አትንገራት፣ ልቧ አይችለውም።

ሾፌሩ ደብዳቤውን ሰጥቶህ ዝም ብሎ አይሄድም። እማዬ ከዚያ ክፍል ወጥታ በዓይኑ ሳያይ ከደጃፍህ እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከመጋዘኑ ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ረቡዕ፣ መጋቢት 12 ቀን