ከሐኪሙ በፊት እንጦጦ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለእመት ባይነሽ፣ ደምበጫ።

እማዬ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አድርጎታል? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ኃይሌና ልጆቹ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም በሕይወት አሉ፤ አይደንግጡ። የዓይናቸውን ነገር በተራው እነግርዎታለሁና ይህን የሚያነብልዎ ሰው ወደ መጨረሻው እንዳይዘል ይቆጡልኝ። እኔ በስንት ጭንቅ ያለፍኩትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ሊያልፈው አይገባም።

መቼም አባባ ከቤት የወጡት ተቆጥተው ነው። እርስዎ "ሞራ ግርዶሹን ሐኪም ይግፈፍልዎ" ቢሏቸው "ልታሳርጂኝ ነው" ብለው፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይሉ፣ ወንድሜ ጎበዜ እየመራቸው አውቶቡስ ላይ ወጡ። ጎበዜ አድርሷቸው ተመለሰ፤ እሳቸው ግን እዚህም አፋቸውን ዘግተው ሰነበቱ። የሐኪሙ ቀጠሮ ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ እህል እምቢ አሉ። ሐኪሙ ሕመሙ ከዚህ በላይ ከቆየ ተስፋ የለውም፣ ቀጠሮው ካለፈም በቅርቡ ሌላ ተራ አይገኝም ብሎ አስጠንቅቆን ነበር።

በቀጠሮው ዕለት ዶሮ ሲጮኽ ብነሣ መደባቸው ባዶ ነው። በትራቸውም የለም። እማዬ፣ ኃይሌን ጮኬ ቀሰቀስኩት። ብርሃንና ጨለማ ብቻ የሚለዩ ሽማግሌ በመርካቶ የጭነት መኪና መሐል! ኃይሌ አገራቸው ሊገቡ ነው ብሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። እኔ ነጠላዬን በቅጡ ሳላጣፋ ወደ መርካቶው ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስሮጥ ጎረቤታችን ጋሼ ቡርሃን ከመስጊድ ሲመለሱ አገኙኝ። "አባትሽ እኮ ጋሪ ላይ ወጥተው ወደ እንጦጦ ውሰደኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። የተነጋገራችሁ መስሎኝ ዝም አልኩ" አሉኝ። ከዚያ ለብቻሽማ አትሄጂም ብለው እሳቸውም ጋሪ ላይ አብረውኝ ወጡ።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ጋሪው የማይሄድበት ደረስን። ሰማዩ ገና ወገግ ማለት መጀመሩ ነው። ከዛፉ ሥር እንጨት የምትለቅም ፋናዬ የምትባል ሴት አግኝተን ብንጠይቃት፣ "እኔው ነኝ እጃቸውን ይዤ ያወጣኋቸው። ልጄ ከኋላ እየመጣች ነው ስላሉኝ ድንጋዩ ላይ አስቀምጫቸው ወረድኩ" አለችን። አባባ በዚህ ዕድሜያቸው መዋሸት ጀመሩ ማለት ነው።

አቀበቱ አጭር ነው፤ ግን ባሕር ዛፉ ጨለማ፣ ጠጠሩም አንሸራታች ነው፤ ከወዲያ ማዶ ጅብ ይጮኻል። ጋሼ ቡርሃን ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ዛፉ አልቆ ድንጋያማው አናት ላይ ብቅ ስል አባባን አየኋቸው። ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ምላሴን ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ግን ብጣራ ደንግጠው ይወድቃሉ ብዬ አፌን በነጠላዬ አፍኜ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ተጠጋሁ።

ልደርስባቸው ስል ብድግ ብለው ቆሙ። ፀሐይዋም ያኔ ወጣች። አባባ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ቆዩና ሙቀቱ ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ ረጉ። ለካ ጎጃም በየት በኩል እንደሆነ ፀሐይን እየጠየቁ ኖሯል። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና "ባይነሽ፣ ከሐኪሙ እጅ ባልወጣ ይቅር በይኝ። ጀርባዬን ሰጥቼሽ መጣሁ" አሉ። ይህን ሲሉ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ተንዶ ገደል ገባ። ጋቢያቸውን ጨምድጄ ወደ ኋላ ስስባቸው ሁለታችንም ድንጋዩ ላይ ተዘረርን።

ከዚያማ ታፍኖ የቆየው ምላሴ ተፈታ። አልዋሽዎትም፣ ተቆጥቻቸዋለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ገደል አፋፍ ምን ያስወጣል፣ ደብዳቤ አይጻፍም ወይ አልኳቸው። "ይሄ በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም" አሉኝና አቧራቸውን አራግፈው "በይ አሁን ከሐኪምሽ ውሰጂኝ" አሉ። ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን ከጋሼ ቡርሃን ጋር እየተንደረደርን ወረድን። ሐኪም ቤት የደረስነው ስማቸው ሲጠራ ነው።

ሞራው ተገፎ ዓይናቸው ታሽጎ በሰነበተበት ጊዜ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ ጣቱን ዘርግቶ ስንት ነው ቢላቸው ዝም አሉ። ደግሞ ጠየቃቸው፤ አሁንም ዝም። አለቀ በቃ ስል ወደ እኔ ዞር ብለው "ጤናዬ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" አሉኝ። እማዬ፣ ስድብ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አላውቅም ነበር። ሐኪም ቤቱን በእልልታ አናጋሁት።

እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ይገባሉ። ማየታቸውን ግን እንዳልጽፍልዎ ለምነውኛል። እንደ ድሮው በበትር መንገድ እየፈለጉ ገብተው፣ እርስዎ ሳያውቁ ተቀምጠው ሊያዩዎት ነው ያሰቡት። እኔ ደግሞ የእናቴ ልጅ ነኝና ነገርኩዎት።

ጎበዜን በጣም ናፍቄዋለሁ ይበሉልኝ፤ ወሬ አይችልምና ይህን አይንገሩት። የቡርሃን ቤተ ሰብ፣ ኃይሌና ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ። እህቴን ቦሰናን ይሳሙልኝ፤ ዛሬውኑ ሹሩባ ትሥራዎት፣ ጥልፍ ቀሚስዎንም ታውጣልዎት። አባባ ሲገቡ እጃቸውን ይዘው መደቡ ላይ ያስቀምጧቸውና ምንም እንዳላወቀ ሰው ፊት ለፊታቸው ወዲያ ወዲህ ይበሉላቸው።

ልጅዎ ጤናዬ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.