አንዳችን ለሌላችን መሸሻ ስለመሆናችን

ለተከበሩ የአደጋ ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ እርስዎ ካሉበት ፎቅ ድረስ ይድረስልኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎስ ደረቅ ነው? እኛ ደህና ነን፤ ደህና የምንለው ውሃው የአልጋውን እግር እስካላለፈ ድረስ ነው።

እኔ ከወንዙ ዳር አሮጌ ሶፋ እያደስኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሰሞኑን ከከባድ ዝናብ በፊት እንዴት እንደምንዘጋጅ የሚያስረዳውን ባለቀለም ወረቀትዎን በየቤታችን ስላደሉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የታዘዝኩትን ለመፈጸም ላይ ታች ብያለሁ፤ ያቃተኝን ደግሞ በትሕትና እነሆ።

፩ኛ. ውድ ንብረታችንን ወደ ላይኛው ፎቅ እንድናወጣ አዘዋል። በእኛ ቤት ከወለሉ ቀጥሎ ያለው ጣሪያው ስለሆነ፣ ፎቅ የምንለው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬን ነው። ከንብረት ሁሉ የምትበልጥብኝን፣ መራመድ የተሳናትን እናቴን ከነፍራሿ እሱ ላይ አውጥተናታል። ከፍታ ስለምትፈራ፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ምን አጥፍቼ ነው የሰቀሉኝ እያለች ሁላችንንም ታስቃለች።

፪ኛ. ለአሸዋ መያዣ የሚሆን ከረጢት ስለሰጡን እናመሰግናለን። አሸዋው አብሮ አልመጣም፤ ምናልባት ጎርፉ ራሱ ይዞት ይመጣል ብለው ይሆናል። ከረጢቶቹን ግን ሜዳ አልጣልኳቸውም፤ ሰፍቼ ለወንድሜ ልጆች መኝታ አደረግኳቸው።

፫ኛ. ውሃው ሳይደርስ የምንጠጋበትን ዘመድ አስቀድመን እንድንመርጥ መክረውናል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ምክር ታናሽ ወንድሜ ቀድሞኝ ፈጽሞታል። ገበሬ ነበር፤ ዝናቡ ዓመት ከዓመት እየራቀ ሄዶ ከብቶቹ ሲያልቁና ጉድጓዱ ሲደርቅ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እኔን መርጦ መጣ። እኔ በተራዬ ልምረጥ ብል ያለኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል። ዝናብ ስጠን ብሎ ይጸልይ ወይስ አቁምልን ብሎ፣ ግራ ገብቶታልና ቁርጡን ቢነግሩልኝ ደግ ነበር።

በቆሻሻ የተደፈነው ቦይ ይጠረግልን ብዬ ስመላለስም ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ትለኛለች። የስብሰባው ርዕስ ጎርፍ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ተመልሻለሁ።

ቀልዱን ወዲያ ልበልና፣ ፈርቻለሁ። እናቴን ተሸክመን የምንወጣበት በር አንድ ነው፤ ውሃውም የሚገባው በእሱው ነው። ከዚህ ወዲያ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ወንበርዎ ክረምት ከበጋ ደረቅ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከቦዩ ማዶ ያለችው ሶፋ አዳሽ

ማሳሰቢያ፦ ወረቀትዎ በትልልቅ ፊደል በመታተሙ እናቴ ያለ መነጽር አንብባዋለች። ሲወጡ የሚያዘገይዎትን ሁሉ ትተው ይውጡ የሚለው ላይ ስትደርስ ጠራችኝና፣ ውሃው ከመጣ እኔን ተዉኝና ልጆቹን አውጡ፣ ይኸው መንግሥትም ብሏል አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ወረቀቱን አገላብጬ ባየው አላገኘሁም።