ከእሳት የተረፈው መጽሐፍ

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴

ብርድ። ቀለም በጠበጥሁ፤ የሚጻፍ ግን የለም። ተማሪዎቼ ከተበተኑ ዓመት አለፈ፤ ግማሾቹ ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ናቸው፣ ግማሾቹ... አላውቅም። ተማሪ የሌለው የቅኔ መምህር ምንድን ነው? ሚስቴ የብርጓል እንደምትለው ከሆነ፣ አንድ ተጨማሪ በላተኛ።

ከቀትር በኋላ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸማኔዎቹ መንደር ጭስ ተነሣ። አይሮፕላን አልነበረም። ከምድጃ የተነሣ እሳት ነው አሉ። የሼህ ይማም ቤት ነደደ። ሰው ተርፏል።

ጥር ፲፭

ሄጄ አየሁ። ከሸማ መሥሪያው የቀረ ነገር የለም። ሼህ ይማም ሃያ ዓመት ጋቢዬን የሠራልኝ ሰው ነው።

"እግዜር ይተካልዎ" አልሁት።

"አሜን መሪጌታ። የእርስዎም ጋቢ አብሮ ሄዷል።"

"እንግዲያው ለእኔም ይተካልኝ።"

ሣቀ። በአመድ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሥቅ ሰው!

ልጁ ኑርዬ ግን አይሥቅም። ቁርዓኑን ከፍም ውስጥ አውጥቶታል፤ ከነቆዳ ማኅደሩ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ ፊደሉ ሙሉ ነው። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከእኛም ወገን ሁለት ቄሶች ራቅ ብለው ቆመው፣ ያላዩ መስለው ያያሉ።

"መሪጌታ፣ ምን ይላሉ?" አለኝ ኑርዬ። "የሰው ድርሰት ቢሆን ይተርፍ ነበር?"

በትሬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከክርክር የምሸሽ ሰው አልነበርሁም።

ጥር ፲፯

ኑርዬ ቤቴ ድረስ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። አርበኞች በመንደራቸው ማለፍ ካበዙ ወዲህ ጣሊያን ሸማኔዎቹን በክፉ ዓይን ያያል፤ አይሮፕላን በሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ገደል ወርደው ዋሻ ይገባሉ። ከእንግዲህ አንወርድም ነው የሚለው። መጽሐፉ አሁን ባጎቱ ቤት ነው፤ እዚያ እንሰበሰባለን፣ እሳት የማይደፍረው መጽሐፍ ባለበት ምን ይነካናል ይላል። ሽማግሌዎቹ ያመነታሉ።

"እርስዎ የክርስቲያን ሊቅ ነዎት። ዓርብ መጥተው ተአምር ነው ብለው ቢመሰክሩ ሁሉም ይጸናል። የገዛ ወገን ምስክርማ ምን ያደርጋል?"

አይሮፕላኑም በመጽሐፉ አለ አለኝ፤ ድንጋይ የሚወረውሩ ወፎች ተብሎ።

"መቼ አገኘኸው?"

"አይሮፕላን ከመጣ ወዲህ።"

"የእኛዎቹም በትንቢት ውስጥ ያገኙት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሚያገኝ ሰው ጠፋ።"

አልሣቀም። ሲወጣ፣ "ሠላሳ አንድ ነፍስ ነን" አለኝ። "ከነሕፃናቱ።"

ጥር ፲፰

ሠላሳ አንድ...

እዚህ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ባለፈው ኅዳር ወንድሜን አለበልን ልጠይቅ ደብረ ኤልያስ ወረድሁ። አይሮፕላን አገሩን እያመሰ ነበር። በሬዎቼን ይዤ ጫካ ልግባ አለኝ። ድርሳኔን ከትከሻዬ አውርጄ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀልሁለት። ይህ መጽሐፍ ባለበት ቤት እሳት አይገባም የሚለውን ቃል ራሴ አነበብሁለት። "አንተ የተማርህ ነህ" አለኝ። ቀረ።

እኔ ማግሥቱን ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ታየች የምትባለው ሚስቱ ምንጭ ወርዳ ነበር። ቦንቡ በቀትር ወደቀ።

መጽሐፉን ከፍርስራሹ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዳሩ ጠቁሮ፣ ፊደሉ ሙሉ። ሰዎቹ ይህን አይተው እልል አሉ። አለበል ከሥሩ ነበር።

ታየች ጠየቀችኝ፤ ለምን አልወጣም ብላ። የእግዜር ፈቃድ ነው አልኋት።

ጥር ፲፱

አይሮፕላን የሚበትነውን የአዋጅ ወረቀት እሰበስባለሁ፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ። ይህንንም የምጽፈው በእሱ ላይ ነው። ዛሬ መቶ ያህሉን ደራርቤ፣ በሁለት እንጨት መኻል ጠፍሬ፣ በአሮጌ ማኅደር ከትቼ እሳት ውስጥ ጣልሁት።

"ምን ሊጠብሱ ነው?" አለች የብርጓል።

"ሃይማኖት።"

አማተበች።

እሳቱ ሲበርድ አወጣሁት። ዳሩ ከሰለ። መኻሉ ላይ የጣሊያን መንግሥት ምን ያህል እንደሚወደን የሚናገረው ቃል አንድ ፊደል አልጎደለበትም። ጠብቆ በተዘጋ ጥራዝ ውስጥ እሳት ትንፋሽ አያገኝም። መጽሐፍ የጠረዘና የደጎሰ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እኔም ኅዳር ላይ አውቅ ነበር። ሰዎቹ እልል ሲሉ አውቅ ነበር።

ይዤው ወደ ሼህ ይማም ሄድሁ። አገላብጦ አየውና ሣቀ።

"መሪጌታ፣ የቁርዓን ተአምር ከእሳት መትረፉ ነው ብዬ መች ነገርሁዎ? ስንቱ ቁርዓን ተቃጥሏል። ተአምሩ ቃሉ ነው። የሚመስለውን አንድ ምዕራፍ አምጡ ተብሎ ያመጣ የለም።"

"ቢያመጡ ዳኛው ማን ነው?"

"ቋንቋውን የሚያውቅ።"

"ሳያምን የሚያውቅ ቢፈርድስ?"

"ልቡ የታወረ ነዋ።"

"እንግዲያስ ፍርዱ ከሙግቱ በፊት አልቋል። እኔም ቅኔዬን የሚስተካከል የለም እላለሁ፤ ዳኛውም ተማሪዬ ነው።"

"የእናንተስ ገድል?"

"እሱንማ አይጠይቁኝ።"

ፊቴን ልብ ብሎ አየኝ። "ልጄ እኔን አይሰማም" አለ። "ነገ ይምጡ።"

ጥር ፳፣ ዓርብ

ሄድሁ። ከሶላት በኋላ ደጅ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የአዋጁን ጥራዝ አሳየሁ፤ አስረዳሁ።

"የጣሊያንን ወረቀት ከቁርዓን ጋር ያስተካክላል!" አለ ኑርዬ ተነሥቶ። "ቀንቶ ነው!"

"ይውጣ!" አለ ሌላው።

መውጣት እችል ነበር። ዕውቀቴን ይዤ፣ ትክክል ሆኜ።

ስለ አለበል ነገርኋቸው። ምሰሶውን፣ ያነበብሁለትን ቃል፣ እልልታውን። "የእኔ መጽሐፍ አልተቃጠለም" አልሁ። "ወንድሜ ተቃጠለ።"

ኑርዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሼህ ይማም ተነሣ። "እንደ ፊቱ ዋሻ እንወርዳለን" አለ። "መጽሐፉም አብሮን ይወርዳል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቃሉ ተአምር ነው ማለቴን አልተውሁም።"

"እኔም መጠየቄን አልተውሁም።"

እስከ ወንዙ ሸኘኝ።

የካቲት ፪

መጡ። ሁለት አይሮፕላን ነበሩ። ሦስት ቦንብ ጣሉ፤ ሦስቱም ባዶ ማሳ ላይ።

የኑርዬ አጎት ቤት ከነክዳኑ ቆሟል። ዋሻው ውስጥ ግን ሲያነጥስ ያልዋለ የለም፤ አንዲት ባልቴት ገደሉን ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ።

"አዩ?" አለኝ ኑርዬ። "እቤት ብንሆን ምንም አንሆንም ነበር። በብርድ አስመቱን!"

ልጆቹም ስም አወጡልኝ፤ መሪጌታ ጉንፋን። ክርክሩን ተሸንፌአለሁ። መንደርተኛው ሁሉ ሲሥቅብኝ አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው። ሠላሳ አንድ።

የካቲት ፫

የብርጓል ስለ አለበል የመሰከርሁትን ከገበያ ሰምታ መጣች። ስንቅ መቋጠር ጀመረች።

"ለማን ነው?"

"ለደብረ ኤልያስ መንገደኛ።"

የካቲት ፮፣ ደብረ ኤልያስ

ታየች ከአዲሲቱ ጎጆዋ ደጃፍ ሽንብራ ትለቅማለች። ሁሉን ነገርኋት። ድርሳኑን፣ ጫካ ልግባ ማለቱን፣ ያስቀረሁት እኔ መሆኔን፣ ሸማኔዎቹንም። እጇ አልቆመም።

"ሸማኔዎቹ ወጡ?"

"ወጡ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ተመስገን።" አንዲት ጠጠር ለይታ ጣለች። "ለምን አልወጣም ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሽኝ ነበር።"

"ለበሬዎቹ ሳስቶ ነው ብዬ... ለከብት ብሎ ጥሎኝ ሄደ ብዬ..." ሰፌዱን አንሥታ አንገዋለለች። "ሦስት ወር ሙሉ አለበልን ስረግመው ከረምሁ።"

ከሰፌዱ ማዶ ተቀምጬ አብሬያት ለቀምሁ። ይሂዱም አላለችኝ፣ ይደሩም አላለችኝ።