ከመጋረጃው ፊት የቆመችው

ጋምቤላ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ካርቱም ላለችው ልጄ ዘኪያ። ሰላም ላንቺና ለባለቤትሽ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጻፈው እጅ የአስተማሪው የወንዳፍራሽ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። እንዳያሳምረው አስጠንቅቄዋለሁ።

ሰዎች ብቻውን ነው፣ ከስቷል ብለውሽ ሱቁን ዘግቼ አንቺ ጋ እንድመጣ መልእክት ልከሻል። ማን እንደ ከሳ አይተሽ ፍረጂ።

ወንዳፍራሽ ሱቁ ደጃፍ አስቀምጦኝ ፎቶግራፍ አነሳኝ። ልነሳ ስል «ጋሽ ሳኒ፣ እንዳይነቃነቁ» ብሎ ካሜራውን ሦስት ጣት ያህል ወደ ጎን ገፋና ደገመኝ። አንዱ የግራ ዓይን፣ ሌላው የቀኝ ዓይን ድርሻ ነው አለ። ሁለቱን ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጥፎ፣ ራሱ በሠራው ባለ ሁለት መስተዋት መመልከቻ ሳየው አፍንጫዬ ወደ እኔው መጣ። ሆዴም ተከተለ። የጨው ጆንያውን ልጨብጠው እጄን ዘርግቻለሁ።

ከዚያ ከኋላዬ ከይሪያ ወጣች። በባዶ ዓይን የሚታየው በሩ ላይ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ቀሚሷ ከዚያው ጣቃ ስለተሰፋ አበባው ካበባው ተደባልቋል። በመመልከቻው ግን መጋረጃው ወደ ኋላ ቀርቶ እሷ ለብቻዋ ቆማለች። ፎቶው ሲነሳ ግቢ ብያት ነበር፤ አልገባችም።

ሚስቴ ናት። ከረመዳን በፊት ኒካህ አሰርን። ያልነገርኩሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ወንዳፍራሽ ብዕሩን አቁሞ አየኝ። እሺ፣ የእናትሽ ኀዘን ሳይወጣልሽ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነው።

እሱማ «አንዱን ቆርጠን ብቻውን እንላከው፤ ልጅዎ መጋረጃ ነው የሚመስላት» ብሎኝ መቀስ አንስቼ ነበር። ከይሪያ ጣቃ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ቁረጠው፤ እኔም መጋረጃነቱን ለምጄዋለሁ» አለች።

መቀሱን አስቀመጥኩ።

ወንዙ ሳይጎድል በመጨረሻው መርከብ ሁለቱንም ከነመመልከቻው ልኬልሻለሁ። መመልከቻውን መልሺ፣ የሰው ነው። ካርቱም አልመጣም፤ ቤቴ ሰው አለው። ስታዪ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ድብልቅልቅ ይላል፣ ቆይቶ ይገጥማል። አንድ ዓይንሽን ከጨፈንሽ ግን ተመልሳ መጋረጃ ትሆናለች።

አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ሁለቱንም። ልጅ ይስጥሽ። መልስሽን ወንዙ ዳግም ሲሞላ ከሚመጣው መርከብ ጋር እጠብቃለሁ፤ ካልመለስሽም ያው አባትሽ ነኝ።

ሳኒ

ትልቁ የጣት አሻራ የኔ ነው። ከጎኑ ያለው ትንሹ የሷ ነው።