ደህና ነኝ ያለው በሽተኛ

ይድረስ ደሴ ላለሽው ለልጅ ልጄ ለለይላ፤ ገና ሳትመረቂ የሐኪም ጋውን ለብሰሽ ለምትኮሪብኝ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? የደሴ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል።

አንዲት በሽተኛ አጠገብ ተቀምጠሽ ስታወሪ የሐኪሞቹን ጉብኝት ስላዘገየሽ አስተማሪሽ በሰው ፊት ተቆጣሽ፤ አንቺም ትምህርቱን ልተወው ብለሽ ጻፍሽልኝ። ትንሽ ሳቅሁ፣ ብዙ አሰብኩ።

እዚህ መስከት፣ አዛይባ በሚባለው ሰፈር፣ አክስትሽ መሀቡባ የምታጸዳበት የነርሶች ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ የሰው ሕመም እንዲገባቸው የሚለማመዱበት የውሸት በሽተኛ ሲፈለግ «አባቴ ማስመሰል ያውቅበታል» ብላ አሳልፋ ሰጠችኝ። መምህርቷ ዶክተር ኢብቲሳም «ወገብዎን ያምዎታል፣ እንቅልፍ አጥተዋል» ብላ አስጠናችኝ። አልጋው ላይ ወጣሁ፤ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ፉአድ የሚባል ለግላጋ ተማሪ ገባ። «አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብዬው ቁጭ! ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ ገና ሰላምታ ላይ ሕመሙን የሚዘረግፍ ማን አለ? እሱም ደህና ነው ብሎ ጻፈና ኻላስ፣ በቃ፣ ወጣ። ዶክተር ኢብቲሳም ግንባሯን ያዘች።

ቀጥላ አሚራ የምትባል ልጅ ገባች። እሷንም ደህና ነኝ አልኳት፤ የአሁኑን እንኳ ሆን ብዬ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ልጆቼ፣ ስለ አገሬ ጠየቀችኝ። ቆየት ብላ «ሌሊቱንስ እንዴት ያድራሉ?» አለችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝና እውነቱን ነገርኳት፤ ጉልበቴ እንቅልፍ እንደሚነሳኝ፣ ከሱጁድ ስግደቴ ለመነሳት ግድግዳ እንደምይዝ፣ መሀቡባም እንዳታየኝ በሩን ዘግቼ እንደምሰግድ።

ፉአድ ይህን ሲሰማ ተቀየመኝ። «ታዲያ እኔን ለምን ዋሹኝ?» አለ።

«ቸኩለህ ነበራ! እንዳላዘገይህ ብዬ ነው» አልኩት። ሳቄን ጨርሼ ቀና ስል ልጁ አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ስለዚህ ለይላዬ፣ ስላዘገየሽው አስተማሪሽን ይቅርታ ጠይቂው፤ ሌሎቹም በሽተኞች ይጠብቁታል። ስለተቀመጥሽው ግን አንድ ቃል ይቅርታ እንዳትይ። በማለዳ ቀድመሽ ግቢና ተቀመጪ። ትምህርቱን ከተውሽ ደሴ ድረስ መጥቼ እታመምብሻለሁ፤ መታመም ደግሞ ተምሬያለሁ።

ለልጄ ለአባትሽ ለሙኒብ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስልክ መደወል አይከፈልበትም በይው። ለእናትሽ ለነፊሳ፣ ለዚያ ለእንቅልፋሙ ወንድምሽ ለነቢልም ሰላም በይልኝ። መሀቡባ ሁላችሁንም ትስማለች። ያችን በሽተኛሽንም ሰላም በይልኝ፤ ስሟን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አያትሽ አሕመዲን
ዋዲ ከቢር፣ መስከት
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.